ከተምጫ ማዶ

ሐምሌ ነው፤ ደምበጫ ጭቃዋን ለብሳለች፣
አስረበብ ለክረምት ትምህርት ማርቆስ ሄዳለች።
ፈተናው ሦስት ቀን፣ ክትባቱ ዛሬ፣
ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ ማንን ልላክ ከሰፈሬ?
እናቴን እንዳልል ጉልበቷ አይወጣም፣
ጎረቤት እንዳልል… ጎረቤት አልታጣም፤
ግን ልጅቱ የኔ ናት። ተነሣሁ፣ አወረድሁ
አንቀልባውን ከችካል፤ አቧራውን አበስሁ።

ዛጎሉ አሥራ አንድ ነው፣ አንዱ ተሸርፏል፣
ስንቱን ልጅ ተሸክሞ ስንት ዘመን አልፏል፤
ለወንድ ትከሻ ተብሎ አልተቆረጠም፣
ጠፍሩ አጠረብኝ፣ ደረቴን አልዞረም።
ሲባጎ ቀጠልሁ፣ ብረት የማስርበት፣
አትጠገብን አዘልሁ፤ ወጣን አብረን ከቤት።

ስትወለድ ሰሞን ልነካት ፈርቼ፣
እጄን በሳሙና ሦስቴ አጥቤ አሽትቼ፣
በክርኔ ነበር ጉንጯን የነካሁት፤
ጣቴን፣ ብየዳ የበላው፣ ስላላመንሁት።
አሁን ግን ለቅሶዋን እለያለሁ በድምፅ፤
ይኼኛው ረሃብ ነው፣ ይኼኛው እንቅልፍ፣
ያኛው ደግሞ ሌላ ነው፤ «አንሣኝና ልረፍ»።

ከጠጅ ቤቱ ደጅ ሳቅ ተወረወረ፦
«ብየዳው ተዘግቶ ሞግዚትነት ጀመረ!»
«ጡትስ አብቅለሃል?» አለ አንዱ ተሻግሮ፤
እኔም ሳቅሁ መሰለኝ፣ አንገቴ ግን ታስሮ፣
ጆሮዬ እንደ ጋለ ላሜራ ቀልቶ፣
እግሬ ጭቃ ገባ፣ ድንጋዩን ረስቶ።

ያን ጊዜ ነው ተምጫ ውስጤ የሞላብኝ።
ሰባት ዓመቴ ነው፤ አባቴ ሲያዝለኝ፣
አንድ ጊዜ ብቻ። ወንዙ ደፍርሶ፣
በሬ የሚያህል ግንድ አረፋ ለብሶ
ሲወርድ እያየሁ፣ ጀርባው ላይ ተጣብቄ፣
ጣቶቼን ከአንገቱ ሥር ሸጉጬ ደብቄ፤
ላቡ የእርፍ፣ የአፈር፣ የበሬ ጠረን ነው።
«ወደ ታች አትይ» አለኝ፤ ድምፁ ቀጭን ነው፣
እንዲያ ያለ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር፣
ደግሞም አልሰማሁት ከዚያ ቀን በስተቀር።

ማዶ ስንቃረብ ሰው ቆሞ አየና፣
ውኃው ከጉልበቱ ሳይጎድል ገና፣
አወረደኝ።
ወንድ ሆኖ ልጅ አዝሎ እንዳያዩት ብሎ፣
ከጀርባው ሙቀት ወደ ብርዱ ጥሎ፣
እጄን እንኳ ሳይዝ ፊት ፊት ሄደ ቀድሞ፤
ልጁ ቀረ ከኋላ፣ ውኃ ውስጥ ቆሞ።

ጤና ጣቢያ ደረስሁ። አግዳሚው በሙሉ
እናት ነው። ወሬው ቆመ። ሁሉም ቀና አሉ።
አንዷ ጠጋ አለችልኝ ነጠላዋን ሰብስባ።
ነርሷ ካርዱን አይታ፣ ዓይኗ ከበር ወጣ፦
«እናቷስ? ቆይታ ከኋላ ልትመጣ?»
«እኔ ነኝ» አልኋት። ምኑን ነው እኔ ነኝ?
ሌላ ቃል አጥቼ፣ ወይ ምላሴ ከድቶኝ።
ካርዱ ላይ ባዶ ነው «የአባት ስም» የሚል፣
ብዕሯን አነሣች፤ «ስም?»፤ «ቢያድግልኝ» ስል
ቃሉ አፌ ላይ ቆመ። ያ ሁሉ ዘመን ስፈርምበት፣
የሰጪውን ፍርሃት ሳላነብበት።
ከእኔ በፊት ሁለት በኩፍኝ ቀብሮ፣
ሦስተኛውን ለማቀፍ እጁ ተሳስሮ፣
ቢያድግልኝ… ብሎ፣ በስሜ ተናግሮ።

መርፌው ገባ። አትጠገብ ጮኸች፤ ያን ጣቴን፣
እሳት የበላውን፣ ስሜት የሌለውን፣
ጨበጠች።
ተሰማኝ።

ስንመለስ ዘነበ። ወፍጮ ቤቱ በራፍ
ሽማግሌ ቆሟል ዶፉ እስከሚያልፍ።
ከመካከል አባቴ፣ ጋቢው እስካፍንጫው።
አየኝ። ዓይኑን ሰበረ። ጭቃውን አየው።
እዚህ ጋ ቢሆን ነው ሰው የሚያወርድ ልጁን፣
እዚህ ጋ ነው አባት የሚለቀው እጁን።
አላወረድኋትም።
ዱላውን አስደግፎ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣
ወደ ዶፉ ወጣ። ጋቢውን በልጄ ላይ ጣለው።
እጁ እየተንቀጠቀጠ ከጀርባዬ ዞሮ
ሲባጎውን ፈትቶ፣ እንደገና ሲያስር፣
«ላልቶብሃል» አለኝ።
ድምፁ ቀጭን ነበር።